የአጎቴ ሞተር ለቅሶ ሲወጣ

በእኛ አካባቢ ለቅሶ ላይ ፈረስ ሲዞር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስም ያለው ሰው ሲሞት ፈረሱን ሸልመው የለቅሶውን ሜዳ ያዞሩታል። ባዶ ኮርቻውን ይዞ ሲያልፍ ያላለቀሰም ያለቅሳል። አጎቴ ዳልኬ ግን ፈረስ አልነበረውም። የነበረው አንድ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ነው።

ሞተሩ በዕድሜ እኔን ይበልጠኛል። አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄደው ነው። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ፤ ግን የወተት ጣሳ ያክላል። ድምፁም እንደ ዛሬዎቹ ጩኸት አይደለም። ዱክ... ዱክ... ዱክ፣ እያሰበ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሚስቱ እትዬ ማርታ፣ ከሁምቦ ሲመለስ ገና ዳገቱ ስር እያለ ትሰማውና ምሳ ታቀርብ ነበር። ስልክ ምን ያደርግልኛል ትላለች።

ችግሩ ማስነሳቱ ነው። መጀመሪያ ካርቡራተሩን ነካ ነካ አድርጎ ቤንዚን ማጥገብ። ከዚያ በግራ እጅ በኩል ያለችውን ትንሽ ማንሻ ጨብጦ የታመቀውን አየር ማስተንፈስ። ፒስተኑን ልክ ቦታው ላይ አድርሶ፣ ማንሻዋን ለቆ፣ አንዴ መርገጥ። ከተሳሳታችሁ መርገጫው ተመልሶ እግራችሁን ይላችኋል። ሲያደርገው እናያለን እንጂ ልኩን አጎቴ ለማንም አላስተማረም። የሚሞት መች መሰለው!

የለቅሶው ቀን እትዬ ማርታ አንድ ነገር ብቻ ለመነችን። ድምፁን አንዴ ልስማው አለች። ይህ እንዴት እምቢ ይባላል?

ባጃጅ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ፣ ሞተር ያው ሞተር ነው ብሎ ቀረበ። ረገጠው። መርገጫውም መልሶ ረገጠውና ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ሄደ። ቀጥሎ የእትዬ ማርታ ወንድም ገፍተን እናስነሳው ብሎ ወጣበት። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ከኋላ ሆነው እየሮጡ ገፉ። ሰውየው ማርሽ ያስገባ መስሎት በግራ እግሩ ረገጠ። የዚያ ሞተር ማርሽ ደግሞ በቀኝ ነው፤ በግራ ያለው ፍሬን ነው። ቀጥ አለ። መዘምራኑ እላዩ ላይ ተከመሩ። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

መጨረሻ ላይ የአጎቴን ጋቢ መቀመጫው ላይ ጣል አድርገን፣ ዝም ያለውን ሞተር ቀስ ብለን እየገፋን ሜዳውን አዞርነው። ሰዉ ተንሰቀሰቀ። ሽማግሌዎቹ አክብሮት ማለት እንዲህ ነው፣ ሞተሩን እንኳ ዝም አሰኝተው አዘኑ ብለው አደነቁን። አንገታችንን ደፍተን ምስጋናውን ተቀበልን። እትዬ ማርታ ግን እስክንጨርስ ድረስ ጆሮዋን ጥላ ትጠብቅ ነበር። አንጀቴን በላችው።

ነገሩ ልማድ ሆኖ ቀረላችሁ። በቅርቡ ሻንቶ ላይ አንድ ባጃጅ ነጂ ሞተና ባጃጁን ሞተሩን አጥፍተው እየገፉ አዞሩት። ከእናንተ አይተን ነው አሉኝ። ደስ የሚላት መስሎኝ ሄጄ ለእትዬ ማርታ ነገርኳት።

ቆጣ ብላ አየችኝ።

"የእነሱ እኮ ይሠራል!" አለች። "ታዲያ ለሚስቱ ለምን አያሰሟትም?"