ሐሙስ የመጡት ሦስት ቦይለሮች

ክፉ ሰው ቤተሰቡን ያን ያህል አይጎዳም። ክፉ መሆኑ ስለሚታወቅ ሁሉም ተጠንቅቆት ይኖራል። ቤት የሚያፈርሰው እሺ ባዩ ነው፤ ያ አንገቱን እየነቀነቀ፣ ፈገግ እያለ፣ በሩን ላንኳኳ ሁሉ "በጣም ጥሩ፣ ይመቸናል" የሚለው። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለኛ ለእንግሊዝ አገር ሃሊፋክሶቹ የደረሱን ክቡር አቶ ዴዝሞንድ አክሮይድ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የቤቨርሊ ባል።

የክቡርነታቸውን መስኮት ሁለት ሰዎች ያጥባሉ። አንደኛው ሰኞ ያጥበዋል፤ ሁለተኛው ማክሰኞ መጥቶ ያንኑ የታጠበውን ያጥበዋል። ሁለተኛው ሥራ ፍለጋ የመጣ ዕለት "አጣቢ አለን" ማለት ከበዳቸዋ! ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሃይማኖት የሚሰብኩ ሁለት ሴትዮዎች ይመጣሉ። ከዚያ ሁሉ ሻይና ብስኩት በኋላ ሴትዮዎቹ ክቡርነታቸውን ከምእመኖቻቸው ቆጥረው፣ መቼ እንደሚጠመቁ መጠየቅ ጀምረዋል።

"ታዲያ ምን አልካቸው?" አለች ቤቨርሊ።

"ሲሞቅ ይሻላል አልኳቸው።"

የሚገርመው ክቡርነታቸው ራሳቸውን የሚያዩት እንደ ጨካኝ መራጭ ነው። "እኔን ማንም አያታልለኝም። ሦስት ሰው ጠርቼ፣ ሦስት ዋጋ ሰምቼ ነው የምወስነው" ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው። እውነት ነው፣ ሦስት ሰው ይጠራሉ። ችግሩ አንዱን መምረጥ ማለት ሁለቱን ማሰናበት መሆኑ ላይ ነው።

ታዲያ ጥር ላይ ቦይለሩ አረፈ። የቧንቧውን ውሃም፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ማሞቂያዎችም የሚያሞቀው እሱ ስለነበር ቤቱ ባንዴ በረዶ ቤት ሆነ። ድንገተኛ ሞት ነው እንዳይባል ከዓመት በላይ ሲያቃስት ከርሟል፤ ክቡርነታቸው ጎኑን በነጠላ ጫማ መታ መታ እያደረጉ ነበር ያቆዩት።

ሞቱ ሳያንስ ሳምንቱን መምረጡ! ልጃቸው ሎርና በቀጠሮ ቀዶ ጥገና የመጀመሪያ ልጇን የምትገላገልበት ሳምንት ነው። ባሏ ሰሜን ባሕር ላይ፣ ነዳጅ ማውጫ ውስጥ ስለሚሠራ፣ ሐሙስ ከሆስፒታል ስትወጣ እናቷ ጋ ልትታረስ ተነጋግረዋል። ቤቨርሊ አልጋውን አንጥፋ፣ ትንንሽ ሹራቦቹን አጥባ አጣጥፋ ጨርሳለች። የቦይለሩ መርዶ ግን ሃሮጌት ከተማ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እዚያ የምትኖረው የሎርና አማት ፊሊፓ ወዲያው ደወለች።

"ቤቨርሊዬ፣ አሁን ሰማሁ፤ ምን ዓይነት መዓት ነው! አይዞሽ፣ ሎርናን እኛ እንወስዳታለን። ታውቂ የለ፣ የኛ ቤት ወለሉ ራሱ ይሞቃል።"

ቤቨርሊ እንዴት አታውቅ! ፊሊፓ ስለ ወለሏ ሳታነሳ ያለፈ የገና ምሳ የለም።

ሎርናም ቁርጡን ነገረቻት፦ "እማዬ፣ እኔ አንቺ ጋ ነው መሆን የምፈልገው። ግን ጨቅላ ይዤ በረዶ ውስጥ አልገባም። እስከ ሐሙስ ከሞቀ እመጣለሁ፤ ካልሞቀ ፊሊፓ ጋ ነኝ።"

"ዴዝ፣ ሰምተሃል?" አለች ቤቨርሊ ስልኩን ዘግታ። "ሐሙስ ነው።"

"ለኔ ተይው፣ ፍቅሬ" አሉ ክቡርነታቸው። ይቺን ስትሰማ ቤቨርሊ ሁለተኛ ሹራብ ደረበች።

ምርምሩ ተጀመረ። ክቡርነታቸው ካፖርታቸውን ደርበው ኩሽና ውስጥ ተሰየሙ፤ ስለ ኪሎዋት አነበቡ፣ ስለ ዋስትና አነበቡ፣ ስለ ቧንቧ ስፋት አነበቡ። ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ቦይለሩ ተጠየቀ፤ ቦይለሩ የት እንደተሰቀለ የማያውቀው ሳይቀር። ከዚያ ሦስቱ ባለሙያዎች ተጠሩ።

መጀመሪያ ክሬግ መጣ። የቦይለሩን ክዳን ከፈተ፣ አየሩን በጥርሱ መሃል ስቦ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄን ማን ነው የገጠመላችሁ?" አለ፣ ሬሳ ያገኘ ይመስል። ቀጥሎ ታሪቅ መጣ፤ ከፈተ፣ አየሩን ሳበ። "ኧረ ይሄን ማን ነው የገጠመላችሁ?" ሦስተኛው ስቱዋርት ነው፤ እሱም ከፈተ፣ እሱም ሳበ። "ወይ ጉድ! ይሄን ማን ነው የገጠመላችሁ?"

"አንተ ነህ" አለች ቤቨርሊ።

ስቱዋርት ጠጋ ብሎ እንደገና አየው። "በጊዜው እኮ ጥሩ ሥራ ነበር" አለ።

ሦስቱም ሊወጡ ሲሉ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ "ሐሙስ ክፍት ነኝ፣ ልያዝላችሁ?" ክቡርነታቸውም ለሦስቱም የመለሱት አንድ ነገር ነው፦ "በጣም ጥሩ፣ ይመቸናል።"

"ለሦስቱም?!" ቤቨርሊ ጮኸች።

"ፊት ለፊት እያየኝ ምን ልበለው? ሁለቱን በስልክ አሰናብታቸዋለሁ። በስልክ ይቀላል።"

አልቀለለም። ታሪቅን ሊያሰናብቱ ደወሉ፤ ቤቨርሊ ደረጃው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ አዳመጠች። ስለ ብርዱ ተጫወቱ። ስለ ታሪቅ እህት ሰርግ ተጫወቱ። የክሪኬት ጨዋታ ተነሣ። ስልኩ ሲዘጋ ታሪቅ ሐሙስ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ሊመጣ ተስማምቷል። ስቱዋርት ጋማ ጭራሽ አልደወሉም፤ ሥራውን ፊቱ ላይ ያዋረድነውን ሰው እንዴት ደግሜ ላሳፍረው ብለው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት መኪና ጠባቧን መንገዳችንን ዘጋት። ሦስት ቦይለር በካርቶን እንደታሸገ የእግረኛ መንገዱ ላይ ተደረደረ። ሰፈሩ በየመጋረጃው ጀርባ ቦታ ያዘ፤ እኛም ሰው ነን።

"የኔ ሥራ ነው፤ ይመቸናል ብለውኛል" አለ ክሬግ።

"እኔንም እኮ ይመቸናል ነው ያሉኝ!" አለ ታሪቅ።

"እኔ የጥንት ደንበኛቸው ነኝ" አለ ስቱዋርት።

"የአንተንማ ሥራ አየነው!" አሉት ሁለቱም።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ክቡርነታቸው ምን ያደርጋሉ? ሻይ ያፈላሉ። ለሦስቱም። የማን ስኳር ስንት እንደሆነ ቅንጣት አልተምታታባቸውም።

በዚህ መሃል ሎርና ደወለች። "እማዬ፣ ከሰዓት እንወጣለን። ፊሊፓ ናት በመኪናዋ የምታመጣን። ሞቀ?"

ቤቨርሊ የሱፍ ኮፍያዋን እንደደፋች፣ ከአፏ ጉም እየወጣ፣ "እየሞቀ ነው" አለች። ከዚያ ኩሽና ገብታ የሻዩን ትሪ ከባሏ እጅ ነጠቀች።

"ስማኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቴ በታጠበ መስኮት ሳይ ኖሬያለሁ፤ ምንም አላልኩም። የልጅ ልጄን ግን ለፊሊፓ ወለል አልሰጥም! ውጣና ሁለቱን አሰናብት። እምቢ ካልክ እኔም ሃሮጌት እሄድልሃለሁ፤ አንተ እዚሁ ከሦስቱ ጋር ሻይህን ጠጣ።"

"የትኞቹን ሁለት?"

"እኔ ምን ቸገረኝ!"

ክቡርነታቸው ወጡ። ያ ሁሉ ኪሎዋት፣ ያ ሁሉ ዋስትና የት እንደገባ እንጃ፤ ለበሩ ቀረብ ብሎ የቆመው ክሬግ ስለነበር "አንተ ግባ" አሉት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሩ።

"ታሪቅ፣ አይሆንም። ስቱዋርት፣ አይሆንም። ይቅርታ አድርጉልኝ። አይሆንም።"

ሰማይ አልተደፋም። "ታዲያ ይቺን ቀደም ብለው ቢነግሩን ምን ነበረበት፣ ጋሼ?" አለ ታሪቅ ካርቶኑን እየጫነ። "ብራድፎርድ ያለ ሥራዬን ጥዬ ነው የመጣሁት! ጥሩ ሰው ለመባል ሰው እንዲህ ያንገላታሉ?" ስቱዋርት ሻዩን ጨልጦ፣ ኩባያውን አጥሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሁለቱም ተናደዋል፤ ሊናደዱም ይገባል።

ክሬግ ሲሰረስር፣ ሲቆርጥ፣ ሲያጠብቅ ዋለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማሞቂያዎቹ ቋ ቋ ማለት ጀመሩ። ቤቨርሊ ከክፍል ክፍል እየዞረች በመዳፏ ስትነካካቸው ዕንባዋ መጣ። ኮፍያዋን አውልቃ ፀጉሯን ሳታስተካክል መኪናው በር ላይ ደረሰ።

ሎርና ቀስ ብላ፣ ግድግዳ ይዛ ገባች። ፊሊፓ ሕፃኗን በቅርጫቷ አንጠልጥላ ተከተለች፤ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት እጇን ማሞቂያው ላይ አሳረፈች።

"ሞቅ ብሏል" አለች፣ ስድብ አስመስላ። "ግን ዛሬ የተገጠመ ነገር ዛሬውኑ ቢቆምስ? መኪናዬን አላጠፋሁም። ለዛሬ እንኳ እኛ ጋ ይደሩ፤ ለሁላችንም ይሻላል። አይደል፣ ዴዝሞንድ?"

ፊሊፓ ማንን እንደምትጠይቅ አሳምራ ታውቃለች። ሎርና ለመከራከር ጉልበት የላትም፤ አባቷን አየች። ቤቨርሊም የባሏን አፍ አየች። "በጣም ጥሩ" ለማለት ሲሰናዳ ታውቀዋለች። አለቀልኝ አለች በልቧ።

ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው ቅርጫቱ ውስጥ ያለችውን አዩ።

"አይሆንም" አሉ።

"ምን አልክ?"

"አይሆንም፣ ፊሊፓ። እዚሁ ናቸው። መኪናሽን አጥፊና ግቢ፣ ሻይ ጠጪ።"

ፊሊፓ ሻይ ጠጣች። ስኳር ስንት እንደሚጨመርላት የጠየቃት የለም። ብዙም ሳትቆይ ተነሥታ ሄደች።

በሩ ሲዘጋ ቤቨርሊ ባሏን ልታቅፍ ዞረች። ክቡርነታቸው ስልካቸውን አውጥተው ቁጥር ይፈልጋሉ።

"ቤቭ፣ አበዛሁት እንዴ? ፊቷ እኮ ልውጥውጥ አለ። ልደውልላትና ይቅርታ ልበላት መሰለኝ። እሑድ ለአንድ ቀን ብትወስዳቸው ምናልባት…"

ቤቨርሊ አየቻቸው። ያናድዳሉ፤ ስትወዳቸው አንጀቷ እያረረ ነው፣ ዛሬ ግን ከሠርጓ ቀን ይልቅ ወደደቻቸው። ስልኩን ከእጃቸው ወስዳ ጉርዷ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ሕፃኗንም ከቅርጫቱ አንስታ፣ ሁለቱም እጃቸው እንዲያዝ አድርጋ አሳቀፈቻቸው።