የተቃናው የፑል ጠረጴዛ

የሰፈሩ ነገር ሁሉ የሚያሳፍረው ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኛ ሞላሌ ላይ ተሰማ የሚባል የበግ ነጋዴ አለን። የጋሽ በቀለ ፑል ቤት ጠረጴዛ ወደ በሩ ስለሚያዘነብል፣ «ይሄ ፑል ነው ቁልቁለት?» ሲል ኖረ። እውነቱን ነው። እኛ ግን ጠባዩን አውቀን ከበሩ አርቀን እንመታለን፤ ኳሷ ራሷ ዞራ ቀዳዳው ውስጥ ትገባለች። በዚህ ደግሞ ተሰማን የሚያህል አልነበረም።

በየከተማው ፑል ቤት ያለው የአዲስ አበባ ድርጅት እኛም ዘንድ ቅርንጫፍ ሲከፍት ቀድሞ የገባው ተሰማ ነው። ጠረጴዛው ልክ እንደ ረጋ ውሃ ነው። ተሰማ እንደለመደው አርቆ መታ፤ ኳሷም እንደራቀች ቀረች። ከሰዓቱን ሙሉ አንድም አላገባም። በመጨረሻ ኃላፊውን «ወንድሜ፣ አንዱ እግር ሥር ድንጋይ ቢጤ ብናደርግበትስ?» አለው። ኃላፊው ዋናውን መሥሪያ ቤት ሳያስፈቅድ እንደማይችል ነገረው። ሞባይል ገና አልደረሰንም ነበርና፣ ኃላፊው እውነትም ስልክ ቤት ሄዶ ወረፋ ያዘ።

ጉብዝና የምንለው ምንድን ነው? እኔ እንጃ፤ አንዳንዴ አንድን ጠማማ ነገር ለረጅም ጊዜ መልመድ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ተሰማ ወደ ጋሽ በቀለ ተመለሰ። እሳቸው ግን ደንበኛ እንዳይሸሻቸው አናጢ ጠርተው ጠረጴዛውን አስተካክለው ጠበቁት።

«ይኸው ተሰማ፣ ያልከውን አደረግሁልህ» አሉት።

ተሰማ ኳሷን መሃል ላይ አስቀመጣት። አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ጋሽ በቀለ ዞረና፣

«ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?» አላቸው።