ቤት ሊመርቁ የመጡትን በለቅሶ የተቀበልኩ እኔ

ስሙኝማ ጎበዝ! ዛሬ ጠዋት በሕይወት ያለች እናቴን አልቅሼ ቀበርኳት።

ለዚያውም በፒጃማ። ለዚያውም ድራይቭዌይ፣ የመኪና መግቢያው ላይ። ለዚያውም ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እያየ!

እሷ አሁን አዲስ አበባ አልጋዋ ላይ ሆና እየሳቀችብኝ ነው። እኔ ድምፄ ተዘግቶ፣ ዓይኔ አብጦ ይኼን እጽፍላችኋለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከኔው ስሙት ብዬ ነው። ካርልተን ያላችሁማ መቼም እስካሁን ደርሷችኋል!

ለማታውቁኝ፣ ሳባ እባላለሁ። አስራ አንድ ዓመት አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን መሃል፣ ካርልተን ፍላቶቹ ውስጥ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ኖርኩ። የዛሬ ስምንት ወር እኔና ባሌ ዳዊት "የራሳችን ቤት!" አልንና ከከተማው ዳር፣ ከሜልተን ወዲያ፣ ሜዳው ላይ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች አንዱን ገዛን። አቅማችን የቻለው እዚያ ነዋ! በዚያ ብር ካርልተን ውስጥ የምትገዙት የመኪና ማቆሚያ ነው። እሱም መኪናችሁ ትንሽ ከሆነች።

ቤቱ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። አራት መኝታ፣ ሁለት ሻወር። ችግሩ ከቤቱ ስትወጡ ነው የሚጀምረው።

ዛፍ የለም። ሱቅ የለም። "ሱቅ በቅርቡ ይከፈታል" የሚል ቦርድ ግን አለ፣ እሱንም ንፋስ አጣሞታል።

ወይ ንፋስ! ከሜዳው ደረቅ ሳር እያንከባለለ ያመጣና ጋራዡ በር ላይ ይቆልልልኛል። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት መኪና ለማውጣት ሳር አፍሳለሁ። በበጋ ምድሩ ይሰነጠቃል፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ልጄ ኤደን የመጀመሪያ ቀን ግራ ቀኙን አየችና "ማሚ፣ ኢዝ ዚስ ስቲል ሜልቦርን?" አለችኝ።

"የስ!" አልኳት፣ ቆፍጠን ብዬ።

አሁን ወደ ውሸቴ እንምጣ።

ከዚያ ካርልተን ለመድረስ ምን ያህል ይፈጃል? ጠይቁኝ እስቲ!

"ሠላሳ አምስት ደቂቃ!"

ይቺን ቁጥር ቤቱን ያሻሻጠን ሰውዬ ነው የነገረኝ፣ እኔም እንደ መዝሙረ ዳዊት በቃሌ ያዝኳት። ቤተክርስቲያን ሲጠይቁኝ ሠላሳ አምስት። ሥራ ቦታ ሠላሳ አምስት። የምሠራው እዚያው ካርልተን ነው፣ አረጋውያን መንከባከቢያ። ድሮ በእግሬ ስድስት ደቂቃ ነበር። አሁን እስከ ጣቢያው በመኪና፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ትራም፣ ተደምሮ አንድ ሰዓት ከሃምሳ። ባቡሩ በአውቶቡስ በሚተካበት ቀንማ ተዉኝ።

ሰው ጠርጠር ሲያደርገኝ "ማለቴ፣ ትራፊክ ከሌለ" እላለሁ።

ትራፊክ ከሌለ! ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ ጉድ ትሠራኛለች።

ለምን ዋሸሽ አትሉኝም? በእትዬ ዘውዴ ምክንያት ነው።

እትዬ ዘውዴ ካርልተን በር ለበር ጎረቤቴ ነበሩ። ኤደንን ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው። የሌሊት ሺፍት ስገባ ልጄን ያስተኙልኝ እሳቸው ናቸው። ልንለቅ ነው ስላቸው አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። "ልጄ፣ ሰው ጥለሽ ግድግዳ ልትገዢ ነው?" ብቻ አሉኝ።

ጎሸም አደረገኝ። "እትዬ ደግሞ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ እኮ ነው!" አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩን በየት በኩል ልቀይረው?

መጥተን እንይሽ ያለኝን ሁሉ "ውይ አትቸገሩ፣ እኔው እመጣለሁ" እያልኩ መለስኩ። መንገዱን ካዩት አለቀልኛ! ስምንት ወር ሙሉ አንድ የኔ ሰው ያንን ደጃፍ ሳይረግጠው አለፈ። ለእንግዳ ብዬ የገዛሁት ሶፋ ላስቲኩ እንኳን አልተገፈፈም ነበር።

እንዴት ነው አዲሱ ቤት? ሲሉኝ ታዲያ "አቤት አየሩ! አቤት ጸጥታው!" እላለሁ። አፌ አያፍርም እኮ።

አሁን ጋሼ ታምሩን ላስተዋውቃችሁ። የማኅበራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ደግ፣ ድምፃቸው ለስላሳ። በዚህ ድምፃቸው የተነሳ ካርልተን ውስጥ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ ለጋሼ ይደውላል። ጋሼ ሽማግሌ ያሰባስባሉ። ሐዘንተኛው ለሥራ ሳይወጣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ላይ ይቆማሉ።

አንድ ጊዜ ጋሼ መኪናቸው አልነሳ ብላቸው ኬብል ሊዋሱ በጠዋት የአንዱን በር ቢያንኳኩ፣ ሰውዬው ገና ሲያያቸው ራሱን ስቶ ወደቀ። ስለ ኬብሉ ሳይጠይቁት ውሃ ሲያርከፈክፉበት ረፈደ!

ይኼንን ይዛችሁ ወደ ሐሙስ ተመለሱልኝ። እማዬጋ ደወልኩ፣ "ትንሽ ጉንፋን ብጤ ይዞኛል" አለችኝ። ዓርብ ደወልኩ። አታነሳም። ደገምኩ። አታነሳም። ስድስት ጊዜ!

እናቴ እኮ ቅዳሴ መሃል ስልክ የምታነሳ ሴትዮ ናት።

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ዛሬ ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጢን አለ። የበሩ ካሜራ ነው። ሌላ ቀን የሚያሳየኝ የሚንከባለል ሳር ነው፣ ልዘጋው ብዬ ከፈትኩት።

ሰው!

ስድስት ሰባት ሰው በሬ ላይ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ማንም ትንፍሽ አይልም። እትዬ ዘውዴ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል። ከፊት ጋሼ ታምሩ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

እናንተ ብትሆኑስ ምን ትሉ ነበር? እስቲ በሞቴ!

ደረጃውን በምን እንደወረድኩት አላውቅም። በሩን በረገድኩት። ጋሼ ታምሩ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው "ቤት ለ..." አሉ።

አላስጨረስኳቸውም።

"እማዬዬዬዬ!"

ሄጄ ድራይቭዌዩ ላይ ተዘረርኩ። ለቅሶ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ አንዴ ከተከፈተ ልጓም የለውም። ለሟች ይጀመርና ለራስ ይቀጥላል።

"እማዬ ሳላይሽ! እማዬ ሳልጦርሽ!" አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት?

"ምነው ከካርልተን ስወጣ እግሬን በሰበረው! ምነው ያን ፊርማ ስፈርም እጄን በቆረጠው! ሰው በሌለበት ሜዳ ማን ያስተዛዝነኛል! እዚህ ብሞት ሳሩ ነው የሚቀብረኝ!"

ቀጠልኩ።

"ሠላሳ አምስት ደቂቃ ብዬ ዋሽቼ! አንድ ሰዓት ከሃምሳ ነው እትዬ! አንድ ሰዓት ከሃምሳ!"

አሁንም አላቆምኩም! ደረቴን እየደቃሁ ቀጠልኩ እንጂ።

"ቅዳሜ ሺፍት አለኝ እያልኩ ባሌን ሸውጄ! ፎቁ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ተደብቄ የእናንተን መስኮት ሳይ ስውል!"

ከኋላዬ ዳዊት "ምን?" ሲል ሰማሁት።

ታዲያ እንግዶቹ ለምን ዝም አላሰኙሽም አትሉም? እነሱም እያለቀሱ ነዋ! እኔ እነሱን አይቼ እናቴ ሞተች አልኩ፣ እነሱ ደግሞ እኔን አይተው አሁን በስልክ ሰምታ ነው አሉ። አንዷ "ወይኔ እማማ! ትናንት አውርተናቸው!" እያለች አስፋልቱ ላይ ትንከባለላለች። ጋሼ ታምሩ ብቻ ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። "መርዶውን ያለኔ ማን ነገራት?" ይላሉ፣ ትንሽም ቅር ብሏቸው።

የሰፈሩ በር ሁሉ ተከፈተ። ፊት ለፊት ያሉት ህንዳዊት እናት በባዶ እግራቸው ውሃ ይዘውልኝ ሮጡ። ራሴን ደግፈው ያጠጡኛል፣ እሳቸውም ያለቅሳሉ። ስምንት ወር ፊት ለፊት ኖረን ስማቸውን እንኳን አላውቅም ነበር።

በዚህ መሃል ኤደን ዓይኗን እያሸች የኔን ስልክ ይዛ ወጣች።

"ማሚ፣ አያቴ ኢዝ ኦን ዘ ፎን። ሺ ሴይስ ዳቦው ተቆረሰ ወይ?"

አስፋልቱ ላይ ትንከባለል የነበረችው ብድግ አለች።

ቀና ብዬ አየሁ። እማዬ ስክሪኑን ሞልታ፣ ሻሿን አስራ፣ ምን የመሰለች ጤነኛ!

"እናንተ፣ ምንድነው ይኼ ጩኸት? ማን ሞቶ ነው?"

"አንቺ" አልኳት።

"እኔ?"

"ኧረ እኔ ቤት ለእንቦሳ ልል ነበር እኮ!" አሉ ጋሼ ታምሩ። ጋሼ ድምፃቸው ከፍ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ያኔ ነው ከኋላቸው ያለውን ያየሁት። በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ። ካርቶን ሙሉ ብርጭቆ። ሪባን የታሰረበት ብርድ ልብስ።

ቤት ሊመርቁልኝ ነው የመጡት!

ከእማዬ ጋር ሲዶልቱ ከርመዋል። ስልክ ያላነሳችው ምስጢር ስለማይቀመጥላት ነው። አድራሻውን የሰጣቸው ዳዊት ነው፣ እሱ ግን ለምሳ የሚመጡ መስሎታል።

"ታዲያ ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ቤት ይመረቃል እንዴ?" አልኩ፣ ንፍጤን እየጠረግሁ።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ 'ትራፊክ ከሌለ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው' ያልሽን? ትራፊክ የሌለበትን ሰዓት ፈልገን ወጣና!"

"ነጠላውስ? እንደዚያ መከናነቡስ?"

"ንፋስሽ ነዋ! ጆሯችንን ይዞት ሊሄድ!" አሉ እትዬ ዘውዴ። ባርኔጣው ሁለት ጊዜ በሮ፣ ጋሼ ሜዳ ለሜዳ አባረው ይዘውት ነው በእጃቸው የጨበጡት። ዝም ያሉትም ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖባቸው፣ ከኔ በፊት የማያውቁትን ሰው በር አንኳኩተው ተሰድበው ነው።

እማዬ አላለቀላትም። "ቆይ ቆይ፣ እንዴት ብላ ነው ያለቀሰችልኝ?"

እትዬ ዘውዴ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ነገሯት።

"ለኔ ሁለት ቃል፣ ለካርልተን ይኼ ሁሉ? ልጄ፣ እውነት የሞትኩ ቀን ስለ ባቡር እንዳታነሺብኝ!"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አፈርኩ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ስምንት ወር የደበቅሁት ነገር ሁሉ እዚያ አስፋልት ላይ ተዘርግፎ ሰው እየረገጠው ነው።

እትዬ ዘውዴ ጉልበታቸውን ይዘው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"እኛ እኮ 'አትቸገሩ' ባልሽን ቁጥር 'አትምጡብኝ' ያልሽን መስሎን ነበር። ቤት ገዝታ ተጠየፈችን ብለን።"

"እንዴ እትዬ! እኔ?"

"ኋላ ነው እዚያች ወንበር ላይ ያየሁሽ።"

ክው አልኩ።

"ሦስት ቅዳሜ አየሁሽ። በመስኮት። ካቦርትሽን ተጀቡነሽ።"

"ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?"

"ተደብቀሽ እንዴት ልጥራሽ? ለጋሼ ታምሩ ነገርኳቸው። ልጅቷ አልሆነላትም፣ እንሂድላት አልን።"

ይኼኔ እንደገና አለቀስኩ። አሁን ግን ያለ ድምፅ፣ እትዬ ትከሻ ላይ።

ጋሼ ታምሩ ግን ሥርዓት ካልተሟላ አይሆንላቸውም። "እንዲህ ተለቅሶበት ቤት አይገባም! እንደ አዲስ ነው!" አሉና ሁላችንንም አስነሱን። እኔንና ዳዊትን ወደ ውስጥ፣ እንግዳውን ወደ ውጭ፣ በሩን ጥርቅም። ህንዳዊቷንም እንግዳ አድርገው አሰለፏቸው። ለካ ካምላ ይባላሉ።

ኳ ኳ ኳ።

"ቤት ለእንቦሳ!"

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም! ሁሉንም ለሟች ጨርሼዋለሁ! ዳዊት ስቆ መናገር አቅቶታል። በሩ እንደተከፈተ ሁሉም አፌን አፌን ያዩኛል። ሟቿ ራሷ ናት ከስልኩ ውስጥ ጮሃ የመለሰችልኝ።

"እንቦሳ እሰሩ!"

ገቡ። እትዬ ዘውዴ መጀመሪያ የሠሩት ሥራ የሶፋውን ላስቲክ ሸርክተው መጣል ነው። "ይኼን ለማን ነው ያስቀመጥሽው?" እያሉ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጋሼ መረቁ፣ የመጪው ወር ማኅበር እኔ ቤት ሆነ። ዳዊት እስካሁን በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር "የቅዳሜ ሺፍት እንዴት ዋለ?" ይለኛል። እትዬ ሲሄዱ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም ደርሰው ሲደውሉ ሰዓቱን አልነገሩኝም። እትዬ ደግ ናቸው።

እንግዲህ ስንት ደቂቃ ነው ብላችሁ ስትጠይቁኝ ለኖራችሁ ሁሉ፣ ይኸው እውነቱ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ነው። ሜዳ ነው። ባርኔጣ አታድርጉ።

ኑ ብቻ። ከረፋዱ በኋላ ይሁን፣ ጋሼ ታምሩንም ከፊት አታስቀድሙብኝ። ግን ኑ።