ሙሽሪት አልተገኘችም

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልተናዘዝኩትም፤ በመንግሥት ኮምፒዩተር የራስን ሠርግ መፈተሽ ከየትኛው ኃጢአት እንደሚመደብ እሳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም።

መቼም ሠርግ የሚገርም ሥራ ነው። አንዱ ጠጅ ይጥላል፣ አንዱ በሬ ያፈላልጋል፣ አንዱ ዳስ ይሠራል፤ እያንዳንዱም የቀረውን ሌላው ይዞታል ብሎ በሰላም ይተኛል። ታዲያ ሁሉም እንዲህ ተኝቶ ሠርጉን የሚያዘጋጀው ማነው?

ጊዜው ስድሳዎቹ መግቢያ ላይ ነው እንበል። ዓመቱን ለይቼ ብናገር ዕድሜዬን ልታሰሉ ነው። ቤታችን የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል እሠራ ነበር። ማሽኑ አንድ አዳራሽ ብቻውን የያዘ፣ ለእኛ ያልተፈቀደ ማቀዝቀዣ የተፈቀደለት ባለሥልጣን ነው። አንድን ፕሮግራም ብዙ ሰዎች ከፋፍለን እንጽፈዋለን፤ የየድርሻችንን ማሽኑ በሚያነበው የወረቀት ካርድ ላይ በቀዳዳ እንበሳለን፤ ከዚያ ፈረንጆቹ ሊንከር የሚሉት አገጣጣሚ ፕሮግራም ቁርጥራጩን አንድ ያደርገዋል። አንዱ ቁራጭ ሌላውን በስሙ ይጠራል። የአገጣጣሚው ሥራ የተጠራው ሁሉ መኖሩን ማየት ነው፤ ያልተገኘ ካለ ስሙን በወረቀት አትሞ አልገጥምም ይላል።

ጠባዩን የሚለውጡ ትእዛዞችም ነበሩት። ማን የት እንደተቀመጠ ካርታ አውጣ ብትሉት ያወጣል። የጎደለውን ቀድሞ ከተጻፉት ቁርጥራጮች መጋዘን ፈልገህ አታምጣ ካላላችሁት ደግሞ በዚያ ስም የተቀመጠውን ነገር ማንንም ሳይጠይቅ ጎትቶ ያመጣል። ይህን ጠባይ ገና ሳልቀጠር በአባባ ላይ አውቀዋለሁ፤ እጮኛዬንም ያመጡልኝ እንደዚሁ ነው። ሰውየው ኮተቤ ወፍጮ ቤት አለው፣ እንከን አይወጣለትም። እኔ ያየሁት አንድ ጊዜ፣ ያውም ከኋላው ነው። ከኋላው ሲታይ ደኅና ሰው ነው።

ከትእዛዞቹ ሁሉ የምፈራው ግን «ይሁን» የምንለውን ነበር። የጎደለ ቢኖርም ዝም ብለህ ግጠም ማለት ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እጄ ሥራ ፈታና ሠርጌን ቆራርጬ ካርድ ላይ አወረድኩት። አክስቴ እትዬ በለጡ አንድ ክፍል ሆኑ፤ ቅቤና በርበሬ ይጠራሉ። አጎቴ ጋሼ ታፈሰ ሌላ ክፍል ሆኑ፤ ለዳሱ እንጨት ይጠራሉ። ሁሉም ደግሞ ሙሽሪትን ይጠራል፤ እትዬ በለጡ ሊያስውቧት፣ ጋሼ ታፈሰ ዳሱ ውስጥ ሊያስቀምጧት፣ አባባ ሊመርቋት። አገጣጣሚው ወረቀቱን አወጣ፦ እንጨት አልተገኘም፣ ሙሽሪት አልተገኘችም።

ቤት ስገባ የእንጨቱን ብቻ ተናገርኩ። እውነትም ጋሼ ታፈሰ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚያስቆርጠው የእትዬ በለጡ ባል ነው ብለው ተቀምጠዋል፤ የእትዬ በለጡ ባልም እንዲሁ በጋሼ ታፈሰ ተማምነዋል። አባባ በማሽኑ ተደነቁ። እትዬ በለጡ ግን ይህቺ ልጅ ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው እንጨት የለም ለማለት ነው ወይ፣ እኔ ሳልማር አውቀው አልነበር ወይ አሉ። ካወቁ ለምን ዝም እንዳሉ የጠየቃቸው የለም።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ማሽኑ ይልከኝ ጀመር። ከሾላ የሚመጣው ቅቤ ባለቤት አለው ወይ? ከበሮውን ማን ይዞታል? ማሽኑ አንድም ጊዜ አልሳተም። አባባ እንዲህ ያለ አዋቂማ ሠርጉ ላይ ሊጠራ ይገባል ብለው ተነሡ፤ ከአዳራሹ እንደማይወጣ ባስረዳቸው፣ እንግዲያው ድርሻው ይላክለት አሉ። ጥሬ ሥጋ እንደማይስማማው ለማሳመን ብዙ ደከምኩ።

ወረቀቱ ግን ሁልጊዜ ሙሽሪት አልተገኘችም እያለ ይወጣ ነበር፤ ካርዷን አልበሳሁትማ። ረሳሁት ብል ውሸት ነው። ባዶውን ካርድ ይዤ እቀመጥና ምን እንደምበሳበት ይጠፋኛል። ሌላው ሁሉ የሚሠራው አለው፤ ሙሽሪት ምን ትሠራለች? ይጠሯታል እንጂ ትፈልጊያለሽ ወይ ያላት የለም። እኔም አባባ ፊት አልፈልግም ለማለት አፍ የለኝም፤ አንገቴን ስደፋ ደግሞ እሺ ማለቷ ነው እየተባለ ይተረጎማል።

ሠርጉ ሲቃረብ አባባ ሁሉም ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«አንድ ትቀራለች፣ አባባ።»

«ትልቅ ነገር ናት?»

«ኧረ ትልቅስ አይደለችም።»

«እንግዲያ ትለፍ። በእሷ የተነሣ ሠርግ አይቆምም።»

ሳያውቁት «ይሁን» ማለታቸው ነው። እኔም ታዛዥ ልጅ ነኝና በማግስቱ የ«ይሁን»ን ካርድ ጨምሬ አስገጠምኩ፤ ይባስ ብዬም ፕሮግራሙን አስነሣሁት። ሠርጌ ማሽኑ ውስጥ ተጀመረ። እትዬ በለጡ ሙሽሪትን ጠሩ፤ ማሽኑ ወዳለችበት ሄደ፤ ያለችበት የለም። በዚያው ደርቆ ቀረ። የመሥሪያ ቤቱም ሥራ አብሮ ደረቀ።

ኃላፊያችን ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ፈገግታ የማያባክኑ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አነሡና ሙሽሪት የምትባለው ክፍል የማን ሥራ እንደሆነች ጠየቁ። የእኔ ናት አልኩ፤ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«ሳትጽፊያት ነው ይሁን ያልሽው?»

«ሁሉም ሲጠራት... ያለች መስሎኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«ስለተጠራች አትፈጠርም፣ እኅቴ። ወይ ጻፊያት፣ ወይ ጥሪውን ሰርዢ» አሉና ስለ ባከነው የማሽን ጊዜ ወደ መቆጣት ተመለሱ። ስለምን እንደተናገሩ ዛሬም አያውቁም።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ከበር ሲወጡ ደረስኩባቸውና፣ ዓይኔን ከጫማቸው ሳላነሣ፣ ማሽኑ ሙሽሪት አልተገኘችም ይላል አልኳቸው።

«ያው የእንጨቱ ማሽን?»

«ያው ነው፣ አባባ።»

ዘንጋቸውን ከበሩ ጥግ አነሡ። እኔ አልፈልግም ብላቸው ኖሮ ይቆጡኝ ነበር፤ ማሽንን ግን ምን ብለው ይቆጡታል? እትዬ በለጡ ከጓሮ ብቅ ብለው፣ ይኸው ቆማ የለም እንዴ አሉ።

አባባ «አንቺ ከማሽኑ ልታውቂ ነው?» አሏቸውና ሠርጉ መቅረቱን ለሽማግሌዎቹ ሊነግሩ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ።

እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የሙሽሪትን ካርድ በሳሁት፤ ማንንም አትጠራም። አስገባሁት። አገጣጣሚው ሁሉም ተገኝቷል አለ። ቤት ግን አልተናገርኩም።