ጨረሩና ጠበሉ

ሰው የሚፈራውን ነገር ቢያንስ ሊያየው ይገባል። ጅብ ብትፈሩ ጩኸቱን ሰምታችሁ ነው፤ ሌባ ብትፈሩ አጥሩ ሥር ዱካውን አይታችሁ ነው። እኔ ናይሮቢ መሃል ከተማ በርበሬና ሽሮ ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ያልቆጠርኩትን አላምንም፣ ያልመዘንኩትን አልረከብም። እንግዲህ ይህን ሰው ከማይታይ፣ ከማይሸት፣ ሚዛን ላይ ከማይወጣ ነገር ጋር አፋጥጡት። ጋማ ጨረር ይሉታል።

ያፋጠጠን የባለቤቴ የአስካለ ሕመም ነው። ከግራ ጡቷ የካንሰሩ እብጠት በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ የተረፈ ሥር ካለ በጨረር ይቃጠል ተባለ። ሐኪሙ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ "ምዜ፣" አለኝ፤ ሽማግሌን እዚህ እንዲህ ነው የሚጠሩት፤ "መርፌና ጓንት የሚጸዳው በዚሁ ጨረር ነው። እርስዎ የሚሸጡትን ቅመም እንኳ ከነቀዝና ከሻጋታ ያድኑበታል።" ተጽናናሁ? ነቀዝ የሚፈጅ ነገር ሚስቴን ለይቶ ያልፋታል ብዬ እንዴት ልመን! ጉዳቱን ስጠይቀው ደግሞ አልዋሸኝም። ያለ ልኩና ያለ ቦታው ካረፈ ቆዳ ያቃጥላል፣ ደም ያደክማል፣ ጭራሽ ራሱ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

"ለዚህ ነው አነጣጥረን የምንሰጠው" አለ።

ዋንጂሩ የምትባል የጨረር ክፍል ባለሙያ በአስካለ ደረት ላይ በቀለም ትንንሽ መስቀሎች ሠራች። ማነጣጠሪያው እሱ ነው። "ሕክምናው እስኪያልቅ እንዳይታጠብ" ብላ አስጠነቀቀችን። ሰምቻለሁ። በሚገባ ሰምቻለሁ።

ሕክምናው በሚጀመርበት ዋዜማ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች ከአዲስ አበባ ያስመጡትን ጠበል በጄሪካን ይዘው መጡ። "ጋሽ ታደሰ፣ ደረቷን ይሹላት፤ ከጨረሩ ጋሻ ይሆናታል" አሉኝ። መታጠብ ማለት በሳሙና ነው፤ ጠበል ጸሎት ነው። እናንተስ ብትሆኑ እንዲህ አትሉም? አሸሁ። አጥብቄ አሸሁ፤ ፍርሃት ለክንድ ጉልበት ይሰጣል።

በማግስቱ ዋንጂሩ ጋዋኑን ገለጥ አድርጋ ደነገጠች።

"ምልክቱ የት ሄደ?"

"አልታጠበችም" አልኩ። "የተባረከ ውሃ ብቻ ነው ያሸኋት።"

"ምዜ፣ እኔም ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ" አለች ቀስ ብላ። "የተባረከም ቢሆን ውሃ ነው።"

ከጡቱ ሥር ልብ፣ ከጎኑ ሳንባ እንዳለ አስረዳችኝ። ምልክት በሌለበት ማንም ጨረሩን አይለቅም፤ ልኬቱ እንደገና ይሠራል፣ ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው። ማሽኑን ስጠረጥር ከርሜ፣ ሚስቴን አደጋ ላይ የጣለው የገዛ መዳፌ!

ወረፋ ስንጠብቅ የባሰ ፍርሃት መጣ፤ የተረፈ ሥር ካለ እሱም እኛን ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል ወይስ ያድጋል? ያን የፈራሁትን ጨረር እንደ ክረምት ዝናብ ናፈቅሁት።

ተራችን ሲደርስ ዋንጂሩ በቀለም አልተማመነችም፤ ነጥብ ነጥብ አድርጋ በመርፌ ነቀሰቻት።

"እናቴ አንገትሽን ላስነቅስሽ ስትለኝ ከቤት የጠፋሁ ሴት" አለች አስካለ፣ "በስተርጅና ናይሮቢ ላይ ልነቀስ?"

"ያምርብሻል።"

"ዝም በል፣ አንተ አጣቢ!"

ከዚያ ማሽኑ ሥር አስተኝተዋት ሁሉም ከክፍሉ ወጣና እሷ ብቻዋን ቀረች፤ ከባዱ በር ተዘጋ። ደኅና ነው የሚሉን ሰዎች ለምን ይሸሻሉ? ዋንጂሩን ጠየቅኋት። እሷ ዘመኗን ሙሉ ከጨረሩ ጋር ስለምትውል፣ ትንሽ በትንሽ እንዳይጠራቀምባት ነው። መልሱ ለአእምሮዬ በቃው። ለሆዴ አልበቃውም፤ በሩ እስኪከፈት ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።

ሕክምናው አለቀ። ቆዳዋ እንደ በርበሬ ቀልቶ ተላጠ፣ ከዚያ ዳነ። የቀረው ከሕክምናው በኋላ የተደረገው ምርመራ ውጤት ነው፤ "ጠብቁ" ተብለናል፣ መጠበቅ ደግሞ ሚዛን ላይ አይወጣም። ጠበሉን አስካለ ጠዋት ጠዋት ትጠጣዋለች። የወይዘሮ ዘነበች እጅ ወደ ደረቷ ጠጋ ሲል ግን ዘበኛው እኔ ነኝ። ንቅሳት በውሃ እንደማይለቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልብስ ስትቀይር ዓይኔ ወደ ነጥቦቹ ይሄዳል።

"ምን ታፈጣለህ?"

"እቆጥራለሁ።"

"እና?"

"ሁሉም አሉ።"