ሰሌዳ ጻፊው ወደ ሙሽሪት ገደል የዘመቱበት ዜና

በሦስተኛው ዓመተ ሕማመ ጉልበት፣ አዲሲቱ የደን ጽሕፈት ቤት አለቃ ወንበር በያዙ በአርባኛው ቀን፣ ዕለቱም ረቡዕ፣ መዋዔ ባዶ ሰሌዳ፣ ፈራሄ ደረጃ የሆኑት ሰሌዳ ጻፊ መፋቂያና ቀለም ታጥቀው ወደ ፏፏቴው ዘመቱ።

የዘመቻው ነገር እንዲህ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የፏፏቴውን ታሪክ ይጻፉ ተብለው፣ ቁመቱን፣ ዛፎቹንና የጥንቱን እንጨት መሰንጠቂያ ጽፈው ቢጨርሱ የሰሌዳው ግማሽ ባዶ ቀረ፤ ባዶ ሰሌዳም ለጻፊ ነውር ነውና፣ በባዶ እግሯ ከገደል ዘልላ ውሃ የሆነች ሙሽራ ከራሳቸው አፍልቀው ጨመሩ። ጎብኚ ሁሉ አለቀሰላት። አሁን ግን አለቃዪቱ፦ «በሰሌዳ ላይ ያለ ታሪክ ሁሉ እስከ ዓርብ ምስክር ይቅረብለት፤ ምስክር ያጣውን የጻፈው ይባረራል!» ብለው አሳወጁ። ጡረታቸው አምስት ወር ቀርቶት ነበርና ጀግናው ጉልበታቸው ከዳቸው፤ እርግጥ ነው፣ ቀድሞም ከድቷቸው ነበር።

ወእምዝ ሙሽሪትን በስውር ሊፍቁ፣ ሰሌዳ ላድስ ነው ብለው ወጡ፤ በቀኝ የበር ዘበኛው ፊሽካውን አንግቶ፣ በግራ ትኬት ቆራጯ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ በፊት አማታቸው ምርኩዝ ይዘው። በሠላሳኛው ደረጃ ሰፈሩ፤ በስልሳኛው ሰፈሩ፤ በመቶኛው ኑዛዜ አሰቡ። ደርሰውም መፋቂያውን ቢያነሡ፣ አማታቸው ሰሌዳውን በጀርባቸው ጋርደው፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! እቺን ሙሽራ የሚፍቅ መጀመሪያ እኔን ይፋቀኝ! ቅድመ አያቴ የሙሽሪትን የአንድ እግር ጫማ ከዚህ ውሃ አውጥታለች!» ብለው አወጁ። ዘበኛው አያቱ የሙሽሪትን ለቅሶ እንደ ሰሙ በፊሽካ አረጋገጠ፤ ትኬት ቆራጯም በአክስቷ በኩል የሙሽሪት ዘመድ ሆና ተገኘች።

ጀግናው አፈሩ። የራሳቸውን ውሸት በአማታቸው አፍ መስማት አላስቻላቸውምና፣ ዓርብ ዕለት እንጀራቸው እንደሚቀር እያወቁ አለቃዪቱ ፊት ቆመው እውነቱን ተናዘዙ። ሦስቱም አጃቢዎች ቀድመው መስክረው ነበርና አዋጁ ወጣ፦ «ሙሽሪት በሦስት ምስክር ጸንታለች። ሰሌዳ ጻፊው ግን የሕዝብን ታሪክ የራሴ ፈጠራ ነው ብለው በመመጻደቃቸው ተገሥጸዋል። ጫማዋንም ይጨምሩ!» ጡረታቸው ከነተግሣጹ ተረፈች፤ እሳቸውም ባዶ እግሯን የፈጠሯትን ሙሽራ በገዛ ብሩሻቸው ጫማ አጠለቁላት።

ስብሐት ለዚህ ጀግና፣ ዋሽቶ ሃያ ዓመት ለታመነ፣ አንድ ቀን እውነት ተናግሮ በዚያው ቀን ለተገሠጸ! ይህንንም ምስጋና የሚጽፍላቸው ሰው ቢያጡ ራሳቸው ጻፉት፤ ምስክርም አላቀረቡም።