የጋሽ ዘውዴ ስዊዘርላንድ

ሰው አይቶት የማያውቀውን አገር ሲያፈቅር አጋጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ ብርቅ አልነበረም። ገሚሱ በሞስኮ፣ ገሚሱ በፔኪንግ ፍቅር ክንፍ ብሎ፣ ከቀራንዮ ወጥቶ የማያውቅ ጎረምሳ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ሠራተኞች ሲከራከር ድምፁ ይዘጋ ነበር። ፌርማታው አጠገብ ሰዓት የሚጠግነው ጎረቤቴ ጋሽ ዘውዴ ግን የወደደው ስዊዘርላንድን ነው። ቀኑን ሙሉ ስሟን ከሰዓት ፊት ላይ ሲያነብ ይውላልና አይፈረድበትም።

«ትንሽ አገር ናት» ይለናል፣ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ። «ዓለም ሲዋጋ ከማንም አትወግንም። የመንደሩን ነገር የሚወስነው መንደሩ ነው። መንግሥት እዚያ እንደ ዘበኛ ነው፤ በር ላይ ይቆማል እንጂ ጓዳ አይገባም።» እኛ እንስቃለን። እሱ የምሩን ነው። «ምን ያስቃችኋል? እኛም እኮ አለችን፤ ዕድራችን! ዳኛውን ራሳችን መረጥን፣ ሕጉን ራሳችን አወጣን፣ ሟቹ የማን ወገን ነው ሳንል ድንኳን እንተክላለን።»

ይህን ሱቁ ደጃፍ ቢያወራ ባልከፋ። አንድ እሑድ፣ በቀበሌው የግዴታ ውይይት ላይ፣ ካድሬው «አቋምህን አሳውቅ፤ ከአብዮቱ ነህ ወይስ ከጠላት?» ቢለው፣ ተነስቶ «ከማንም አይደለሁም፤ ሰዓት ነው የምጠግነው» አለ። ያኔ መሃል ሰፋሪ መባል ጠላት ከመባል ብዙም አይሻልም። በሳምንቱ ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ መገደሉ ተሰማ፤ አስከሬን አይሰጥም፣ ማልቀስም ክልክል ነው ተባለ።

ሚስቱ አስካለ የዕድራችን ዳኛ ወደ ነበሩት ወደ አቶ በላቸው ቤት ስትሄድ ተከትለናት ገባን። የፈለገችው አንድ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ድንኳኑን ያስተክሉልኝ። ሬሳ ባይኖርም ተቀምጬ ላልቅስለት።»

አቶ በላቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ፣ እንደ ሁላችንም። መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ልጄ፣ ዕድሩ ከማንም አይወግንም ሲል የኖረው ራሱ ዘውዴ አይደል? አሁን ድንኳን ብንተክል ወገንን ማለት ነው» አሏት። ጋሽ ዘውዴ ቢኖር ለዚህ መልስ አያጣም ነበር። እኛ ግን እፎይ አልን። እሷም ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

በዓመቱ የአቶ በላቸው እናት በእርጅና አረፉ። ጡሩምባ ተነፋ፤ ድንኳኑ ተተከለ። አስካለ ከሁሉ ቀድማ መጣች። አሮጊቷን ከእግዜር ሰላምታ በቀር አታውቃቸውም። ግን ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ ሌላው ደክሞት ሲቀመጥ እሷ ቆማ አለቀሰች። ለቅሶ ቤት ሰው የራሱን ሙት እያሰበ እንደሚያለቅስ እናንተም ታውቁታላችሁ። አቶ በላቸው «በቃሽ» ሊሏት ተነስተው እጇን ያዙ፤ ግን አብረዋት አለቀሱ። እኛም ስሙን ሳንጠራ ተከተልናቸው።

የቀበሌው ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አልገባም። ስወጣ ጠጋ ብሎ፣ «አሮጊቷ ምን ያህል ቢወደዱ ነው?» አለኝ።

«በጣም» አልኩት።